ከጅሬን ጀርባ ያለችው የእግር መንገድ

ጅማ፣ ጅሬን
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ያ ኢልመ ኮ፤ ልጄ ሙስዓብ፣ የወንድሜ ምትክ።

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም አለ፣ ምላሴም አለ። ከሁለቱ የቱ እንደሚቀድም አንተ ታውቃለህ። ክረምቱ ወጥቶልናል፤ ቡናው ቀላ ቀላ ማለት ጀምሯል።

ስልክ አላነሣም ብለህ ትቆጣለህ አሉኝ። ጆሮዬ በስልክ አይሰማም ልጄ። አንተ «ደኅና ነዎት?» ስትል እኔ «ገና ነው» እያልኩ የሰፈር መሳቂያ ከምሆን ደብዳቤ ይሻለኛል። ፎቶ አንሥታ የምትልክልህ ልያ ትባላለች፤ የቦሳ አዲሱ የኤርሲዶ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ትማራለች። እንዴት ተዋወቅን መሰለህ? ባለፈው ሳምንት ታብሌት ታቅፋ ደጄ ቆመች። «እማማ፣ የጅማና የዙሪያዋ ከተሞች የሠላሳ ዓመት የመንገድ ጥናት ነው» አለችኝ። «ማን እንደሚያጠናው ታውቂያለሽ? ይኸው ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ ነው!» ብዬ አስገባኋት። ቤቱን ሁሉ ጠየቀችኝ። «ትናንት ጉዞ አድርገዋል?» ስትለኝ ግን ሳቅኩባት። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ከሐጅ ከተመለስኩ ወዲህ ጉዞ የሚባል አላውቅም» አልኳት። ጎረቤቶቼም እንደዚያው ብለዋታል። ስምህን እንዳላሰድብ አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

አዳዳህ ሂንድ፣ እህቴ፣ ሰላም ትልሃለች። ግማሽ ጎኗን ከያዛት ወዲህ ካልጋ አልወረደችም። ታላቄ ናትና ቤቴ ነይ እያልኩ እለምናታለሁ፤ እሷ ግን «የጨፌ ቤቴን ትቼ ቡናዬን ማን ያይልኛል?» ትላለች። ተኝታ ልታየው ነው እኮ!

ካላስቸገርኩህ አንድ ለስላሳ ጫማ ላክልኝ፣ ቁጥር ሠላሳ ስምንት። ለአንዲት ጎረቤቴ ነው።

አዳዳህ ለጢፋ

ኢዝሚር
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ፣ የተከበሩ አዳዳዬ።

እጅዎን ከሩቅ ስሜ እጀምራለሁ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለ ምላስዎ የጻፉት ላይ ስደርስ ብቻዬን ስለሳቅኩ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላህ ያቆይልኝ። የአባቴ እህት ብቻ አይደሉም፤ እናቴ ስትሞት ባያነሡኝ ዛሬ የት እንደምወድቅ አላውቅም።

ጫማው ይላካል። ቁጥሩ ግን የእርስዎ ቁጥር ነው። እንዲህ በእግር የምትመስልዎ ጎረቤት የትኛዋ ናት?

አሁን ግራ ያጋባኝን ነገር ልንገርዎት። ሥራችን ዛሬ የሚወለዱ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት፣ የሰርቦ ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ የት ይኖራሉ፣ በምን ይሄዳሉ የሚለውን ከአሁኑ ማሰብ ነው። ሰዉ እየበዛ፣ ከተማው እየሰፋ ነው፤ የቡና መኪና፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ተማሪው ሁሉ ግን በአንድ መንገድ ይተራመሳል። ስለዚህ የጭነት መኪናዎች ከተማውን ሳይረግጡ ከአጋሮ በኩል መጥተው በጅሬን ጀርባ ዞረው የሰርቦን መንገድ እንዲይዙ አስበናል። ያ መንገድ የሚያልፈው በጅሬንና በጨፌ መካከል ነው።

በመጠይቁ መልስ የናንተ አካባቢ ሴቶች ከቤት አይወጡም ማለት ይቻላል። አለቃዬ ይህን አይታ «እዚያ የሚሻገር ሰው ከሌለ መንገዱ በግራና በቀኝ ይታጠር፤ ለመኪናም ለሰውም ደግ ነው» አለች። እኔ ግን እዚያ ያደግኩ ልጅ ነኝና አልዋጥልህ አለኝ። ልያ የመጣችበት ዕለት ዋዜማ ምን ሲያደርጉ ዋሉ? ከሱብሒ ጀምረው ይጻፉልኝ። አጥሩ ከታቀደ በኋላ ማስነሣት ከባድ ነው።

ለአዳዳ ሂንድ እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ።

ልጅዎ ሙስዓብ

ጅማ፣ ጅሬን
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለአንተ ይሁን ልጄ፤ አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ።

ወይ ጉድ! የተማረ ሰው ምን የማይጠይቀው አለ? እሺ፣ ስማ። ሱብሒ ሰገድኩ። ገንፎ አገነፋሁና በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጨፌ ወረድኩ። የወንዙን ድንጋዮች ተሻግሬ ሂንድን አጠብኳት፣ አገላበጥኳት፣ አበላኋት፣ ስድቧንም ጠጣሁ፤ ገንፎው ቀጥኗል አለች። ከዚያ እህሏን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት። ከወፍጮ ቤት ገበያ፣ ኮረሪማዬን ሸጥኩ። ከገበያ ለቅሶ ቤት። ከለቅሶ ቤት ዱቄቷን ይዤ ተመልሼ ሂንድ ዘንድ። ዓስር እዚያው ሰግጄ ቤቴ ገባሁ። ይኸው ነው፤ የትም አልሄድኩም።

ምኑ ነው ጉዞ? ጉዞ ስንቅ ተቋጥሮ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ «በሰላም ያግባሽ» ተብሎ ነው። በኦሮምኛም ልያ «ኢመላ» ብላ ነው የጠየቀችን፤ ኢመላም ያው አገር ማቋረጥ ነው። እህት ቤት መሄድ ጉዞ ከተባለማ ከጓዳ ወደ ሳሎን መውጣትም ጉዞ ነው! የሰፈሩ ሴት ሁሉ በዚያች መንገድ ይመላለሳል፤ ጠይቁን እንጂ፣ ማን ጠየቀን?

ደግሞ አጥር ትለኛለህ? የእህቴን ገንፎ በአጥር ላይ ልወረውርላት ነው? ለአለቃህ ንገራት። በከተማው በኩል ዙሪ ከተባልኩ ቁርሷ ለምሳ አይደርስላትም። ሴትዮዋ እህት የላትም እንዴ?

ተቆጣሁ መሰለኝ፤ ባንተ አይደለም። አንተማ ገብቶህ ስለጠየቅከኝ ገለቶሚ፣ አላህ ይስጥህ። ሌላው፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ምርኩዝ እዚያ ይገኛል አሉ። ለአንዲት የማውቃት አሮጊት ነበር።

ለጢፋ

ኢዝሚር
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አዳዳዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ደብዳቤዎን ለአለቃዬ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ጥፋቱ የኔ ነው። መጠይቁን በአማርኛም በኦሮምኛም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ «ጉዞ» ያልኩትም እኔ። እዚህ የምንማርበት መጽሐፍ ከደጅ ወጥቶ ሱቅ መድረስንም በጉዞ ስም ስለሚጠራው የእናንተን አማርኛ ረሳሁት። በእርስዎ ቤት አድጌ! እርስዎ ደግሞ ስሜን ላለማሰደብ እውነቱን ተናግረው መንገድዎን ሊያስዘጉ ነበር።

አለቃዬ «እህት የላትም እንዴ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቀች። ሦስት እህቶች አሏት። ከዚያ ግን ከምሯ ሆነችና በጅሬን በኩል ያለው ክፍል እንደገና ይጠየቅ አለች። አሁን ልያ ይዛ የምትመጣው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ትናንት ከደጃፍዎ ወጥተው እግርዎ የት የት ደረሰ?» በዚህስ ይስማማሉ?

ምርኩዙንና ጫማውን ወደ ጅማ ለሚመለሱ ዘመዶቻችን ሰጥቼአለሁ። የማውቃት አሮጊት ያሉኝን እኔም ሳላውቃት አልቀርም። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።

ሙስዓብ

ጅማ፣ ጅሬን
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ አላህ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን።

ልያ መጣች። ሚስኪን፣ ጣቷ እስኪደነዝዝ ጻፈች! «እግርሽ የት ደረሰ» ስትላቸው ሴቶቹ ያልነገሯት ነገር የለም። አንዷ ወተት ይዛ ትወጣለች፣ አንዷ ልጅ ለማስከተብ ትሻገራለች፣ ሌላዋ ባሏ ጨፌ ሁለተኛ ቤት እንዳለው ለማጣራት ሄዳ ነበር፤ እሱንም ጻፈችው። እኔ ገንፎዬን በድጋሚ አስመዘገብኩ። ሂንድ ይህን ሁሉ ስነግራት «ለኔ ገንፎ ብሎ ነው ልጁ ይህን ያህል የሚለፋው?» ብላ ሳቀች፤ በደኅናው እጇ ዱዓ አደረገችልህ። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ጫማው ልክክ ብሏል። ለጎረቤቴ ማለቴ ነው። ምርኩዙም ደርሷል። ጉልበቷ ደኅና ነው።

ለጢፋ

ኢዝሚር
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረመዳን ሙባረክ፣ አዳዳዬ። ጾሙን አላህ ይቀበልልዎ።

እሰይ! የምሥራች አለኝ። አዲሱ መልስ ሲደመር ከጅሬን ወደ ጨፌ የምትወርደው መንገድ በሰሜን በኩል ካሉት የእግር መንገዶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚመላለስባት ሆና ተገኘች። ማንም ከእንግዲህ ስለ አጥር አያነሣም። በጭነት መንገዱ ላይ የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ ይሠራል ተባለ፤ ስዕሉን ልያ በስልኳ ታሳይዎታለች። በዚህ በኩል በደረጃ ይወጣሉ፣ በዚያ በኩል በደረጃ ይወርዳሉ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ የመኪና ሥጋት የለም።

እውነቴን ነው የምልዎት፣ ብዙ ነገር ስያለሁ፤ የሚሻገርበትን ሰው እያወቅኩ የሳልኩት ይህን ብቻ ነው። ለአዳዳ ሂንድ ያሳዩልኝ። ልጅ ሆኜ ቡናዋን ስረግጥባት በለቃሚ ቅርጫት የምታባርረኝን አልረሳሁም።

ሙስዓብ

ጅማ፣ ጅሬን
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሙስዓብ፤ ሰላም ላንተ ይሁን።

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ፤ እዚህ ሥራ በዛብኝ። ስዕልህን አየሁት። እጅህ ይባረክ፣ ድካምህን አላህ ይቁጠርልህ።

ደረጃውን ግን ተወው። ደረጃ የሌለው ይሁን፤ ሰፋም ይበል። ሌላ የምለው የለኝም። ከእንግዲህ ምንም አትላክልኝ፤ ሁሉ አለኝ።

ለጢፋ

ኢዝሚር
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አዳዳዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ አምስት መስመር? እንዲህ አጭር ደብዳቤ ከእርስዎ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበትዎ ነው? ደረጃው ከብዶዎት ከሆነ መያዣ ብረት እናደርግለታለን።

ደረጃውን ለማስቀየር ምክንያት ያስፈልገኛል። የጅሬን ሴት ዳገት ለምዳለች፣ ደረጃ አያስቸግራትም ይሉኛል፤ ሰፊና ሜዳ የሆነ መሸጋገሪያ ደግሞ ብዙ ወጪ አለው። ስዕሎቹ የሚዘጉት በሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የተሳለው ለሠላሳ ዓመት የተሳለ ነው፤ እኔም ላነሣው አልችልም። ስለዚህ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ።

አዳዳ ሂንድስ ስዕሉን አየች? ስለሷ ምንም አልጻፉልኝም። ምን አለች?

ሙስዓብ

ጅማ፣ ጅሬን
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ብቻህን ከሆንክ ወዳጅ ጥራ።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ትከሻህን ይዞ ነው የሚነገር። እኔም ስትመጣ ልንገርህ ብዬ ዘመዱን ሁሉ አስምዬ ነበር፤ ልያንም ሳይቀር። አንተ ግን በሰኔ ይዘጋል አልከኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ዒዱ እስኪያልፍ ብቻ ታገሥኩህ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አዳዳህ ሂንድ በሚያዝያ ወር ወደ አኺራ ሄዳለች።

ሕመሙ ሲጠናባት የሰፈሩ ልጆች ካልጋዋ ጋር አንሥተው ቤቴ አመጡልኝ፤ በመጨረሻ እሺ አለችኝ። ስዕልህን አይታዋለች። «ይሄ ሁሉ ብረት ለኔ ነው?» አለች። በጁምዓ ቀን፣ እጇ በእጄ እንዳለ፣ ሸሃዳዋን ይዛ ሄደች። አልተሠቃየችም፤ ለዚህም አልሐምዱሊላህ።

የአባቶቻችን መቃብር ጨፌ መሆኑን ታውቃለህ። ጅሬን ያለን ሁላችንም ወደዚያው ነን። ሴት ጀናዛ አትከተልምና አጥሬ ሥር ቆሜ በዓይኔ ሸኘኋት። በቃሬዛው ዙሪያ ስንት ሰው ነበር መሰለህ! አጅሩን፣ የመሸከሙን ምንዳ፣ ሲሻሙ አንዱ ትከሻውን ሲያስገባ አንዱ ሲለቅ፣ ሲቀባበሉ፣ ሂንድ አንዴም ሳትዘነብል ወንዙ ደረሰች። ያን ጊዜ ስዕልህ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በደረጃ ቢሆንስ? ፊተኞቹ ከፍ ሲሉ ኋለኞቹ ዝቅ ይላሉ። ለሁለት ሰው በሚበቃ ስፋት ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል? እህቴ ከቃሬዛው ትንሸራተት ነበር ልጄ።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ለአለቃህ ንገራት። አንተም አልቅስ፣ አትያዘው፤ እኔ ከሩቅ ትከሻህን ይዤሃለሁ።

አዳዳህ ለጢፋ

ኢዝሚር
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዳዳዬ፣ እናቴ።

አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት። እርስዎንም ያጽናልኝ። ብቻዎን ይህን ሁሉ ተሸክመው ለኔ ስለ ድልድይ መጻፍዎ! መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ለምን ደበቁኝ ብዬ ወረቀቱን ወረወርኩት። ኋላ አንሥቼ ሳነበው፣ ለኔ ሲሉ ሐዘንዎን በሆድዎ ይዘው እንደከረሙ ገባኝና አፈርኩ። የአገሬ ልጆች ተሰብስበው ቁርኣን ቀርተውላታል። አልቅሻለሁ አዳዳ፤ ወጥቶልኛል።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እዚህም ጀናዛ በትከሻ ነው፤ እዚህም ይሻሙበታል። ብዙ ላስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ገና «ደረጃው ላይ» ስል እጇን አነሣች። ባለፈው ዓመት አባቷን በመንደራቸው ቀብራለች። እርሳስ አንሥታ ደረጃውን ሰረዘችው።

አሁን የተገላበጠ ሆኗል። ወንዙ ጋ መሬቱ ዝቅ ስለሚል የመኪናው መንገድ በድልድይ ከላይ ያልፋል፤ ሰው ከሥር በሜዳው ይሄዳል። ስፋቱን ምን እንበለው ሲሉኝ፣ ተሸካሚዎቹን ከነቃሬዛው፣ በግራና በቀኝም የሚቀባበሏቸውን ቆጥሬ ለካሁ። አንድ ዓረፍተ ነገርም አስገብተናል፦ «የእግረኛው መተላለፊያ ሳይጠናቀቅ የጭነቱ መንገድ ለመኪና አይከፈትም።» ፈርመውበታል። መንገድዎን ማንም አይዘጋውም።

ይህ ሁሉ የመጣው ከእርስዎ ነው። እግርዎን እስማለሁ።

ልጅዎ ሙስዓብ

ጅማ፣ ጅሬን
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

የልቤን ያደረስክልኝ ልጄ፤ አላህ ያሰብከውን ሁሉ ያድርስልህ፤ በሰው አገር አታፍር።

ጥናታችሁን በከተማው አዳራሽ አሳዩን። ልያ ይዛኝ ሄደች። ግድግዳው ሙሉ ካርታ ነው፤ አጋሮ እዚህ፣ ሰቃ እዚያ፣ የአውቶቡሱ መንገድ፣ የተማሪው መንገድ፣ ገና ያልተወለዱ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ሁሉ ተሥሏል። ለነዚያ ልጆች ከአሁኑ የሚያስብ ሰው መኖሩ ደስ አለኝ፤ እናቶቻቸውም ገና አላረገዟቸውም እኮ! አንድ ሽማግሌ ተነሡና «በጅሬን ጀርባ ያለው መተላለፊያ ለእግረኛ ይህን ያህል ስፋት ለምኑ ነው፣ ሠርግ ነው ወይ የሚያልፍበት?» ብለው ጠየቁ። ልያ ተነሥታ ለምን እንደሆነ ተናገረች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልህ፤ ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። ሙስሊሙም ጴንጤውም። እኔ ኮራሁ፤ ለቅሶዬንም በሻርፔ ጠረግኩ።

መተላለፊያው ሳያልቅ መኪና አይለፍ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልያ በኦሮምኛ ደግማ እንድታነብልኝ አደረግኩ። ሂንድ ብትሰማው ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ጠዋት አሁንም ወደ ጨፌ እወርዳለሁ፤ ቡናዋ ቀልቷል፣ ለቃሚ ይዤ እገባለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ በዕቃ የሚላክ አይደለም። መተላለፊያው መቼ እንደሚሠራ አንተ ታውቃለህ፣ የኔን ቀን አላህ ያውቃል። የትኛው እንደሚቀድም ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ያ ቀን ሲመጣ ስዕልህ አይሸከመኝም ልጄ። ሳልሄድ ና፣ ፊትህን ልየው፤ ከሄድኩ ደግሞ ከትከሻዎቹ አንዱ ያንተ ይሁን። ወንዙ ላይ ገና ምንም ባይኖርም አትፍራ፤ ድንጋዮቹን ከልጅነትህ ታውቃቸዋለህ።

አዳዳህ ለጢፋ